የመምህር ልሳኑ የቤት ሥራ

ባለፈው ወር የመጨረሻዋ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጅ ይምጣ ብሎ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሄጄ፣ አዳራሹ የት እንደሆነ የሚያሳየኝ አጥቼ በመማሪያ ክፍሎቹ መካከል ስንከራተት፣ ከአንድ ገርበብ ያለ በር የወጣ ሽታ እግሬን ያዘው። የቆየ የኳስ ቆዳ፣ እርጥበት የጠጣ መረብ፣ የሜዳ ማስመሪያ ኖራ። የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አየሩን ወደ ውስጥ እስብ ጀመር፤ የጥበቃው ሰውዬ መጥተው "እናቴ፣ ደህና ነዎት? ስብሰባው በዚያ በኩል ነው" ባይሉኝ ኖሮ እዚያው በቀረሁ። ስብሰባው ላይ ስለ ደንብ ልብስ ይሁን ስለ ስልክ ብዙ ተባለ፤ ልጄ ማታ ምን አሉ ብላ ብትጠይቀኝ የምመልስላት አንዲት ቃል አልነበረኝም። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ ደብረ ታቦር ነበርኩ፣ በዚያ ብርድ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነው፤ እኛ ግን መቼ ያን አውቀን፣ ለዘላለም የሚኖር ነበር የሚመስለን። ደብረ ታቦርን በጥር ያላየ ሰው ብርድ አያውቅም ብል የሚያኮርፈኝ ይኖር ይሆናል፣ ግን እውነቴን ነው። ጠዋት ጠዋት ከጉና በኩል ውርጭ ይወርድና፣ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈን ስንዘምር ከአፋችን የሚወጣው እንፋሎት ከመዝሙሩ በላይ ይታይ ነበር። የከተማዎቹ ልጆች ሹራብ አላቸው፤ እኛ የባላገር ልጆች በኩታና በኮንጎ ጫማ እንደምንም ቀኑን እንገፋዋለን። እነሱ ገጠሬ ይሉናል፤ እኛም በፈንታችን በሒሳብ እንበልጣቸዋለን፤ እንዲህ እየተነቋቆርን እንኖር ነበር።

እኔና ስመኝ የምንኖረው ከገበያው ማዶ ከአንዲት አሮጊት በተከራየናት ክፍል ነው። ስመኝ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ የስመኝ ሳቅ ግን ከዚያ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። የምንበላው ከየቤታችን የሚላክልንን ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ጥቂት ቆሎ፣ ሁሉም በየጨርቁ ተቋጥሮ በአንድ የፍየል ቆዳ ስልቻ ውስጥ ይገባል። የኔን ስልቻ የሚያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ አዳነ ነበር። ቤታችን ከጉና ሥር ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ። አባታችን ከሞቱ ወዲህ የሚያርሰውም፣ የሚያጭደውም፣ እናታችንን የሚያስቃትም እሱ ነው። እሱ አልተማረም፤ ያልተማረው እኔ እንድማር ብሎ ነው፣ ይህንንም አንድ ቀን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ቅዳሜ ለገበያ ይመጣና ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ፣ ስመኝን በነገር ወጋ ወጋ አድርጎ፣ ደብተሬን ያነሣል። እንግሊዝኛውን በጣቱ እየተከተለ፣ ገብቶት እንደሚያነብ ሰው ራሱን እየነቀነቀ፣ "ይኸስ ጎበዝ ነው" ይላል። ደብተሩን ገልብጦ መያዙን እንነግረው ይሆን እያልን ከስመኝ ጋር በዓይን እንጠቃቀስ ነበር፤ አንድም ቀን አልነገርነውም።

መምህር ልሳኑ የመጡት በዚያ ዓመት ነው። አዲስ አበባ ተምረው በቀጥታ ወደኛ የተመደቡ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ብርዱን ፈርተው ሁለት ሹራብ የሚደርቡ ወጣት ነበሩ። ዳይሬክተሩ በጠዋቱ ሰልፍ ፊታችን አቆሟቸውና፣ እኚህ መምህር ታሪክ ከማስተማራቸው ሌላ የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ፣ "ጋይዳንስ" ይባላል፣ የግል ችግር ያለበት ተማሪ ብቻውን እየገባ ሊያማክራቸው ይችላል፣ የነገራቸውም ነገር ከሳቸው አይወጣም ብለው አስተዋወቁን። ትርፍ ቢሮ ስላልነበረ የተሰጣቸው የኳሱ ዕቃ ቤት ነው። መረቦቹን ወደ ጥግ ገፍተው፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስገብተው፣ በካርቶን ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉና መጠበቅ ጀመሩ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ማንም አልመጣም።

እንዴት ይመጣል? ቢሮ ገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ የሆዱን የሚናገር ሰው በዚያን ዘመን ማን አየ። የከተማዎቹ ልጆች ሰውየው ጆሮ ጠቢ ናቸው፣ የሰሙትን ሁሉ ለቀበሌ ነው የሚያደርሱት ብለው ወዲያው ደመደሙ። እኛ የባላገሮቹ ደግሞ በሌላ በኩል ሳትን። ብቻህን ገብተህ ያሳሰበህን ትናገራለህ፣ የሰሙትን ለማንም አያወጡም ከተባለ፣ በኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የነፍስ አባት ነው። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ በየስብሰባው የሚያደነቁረን መንግሥት መልሶ ለተማሪ የነፍስ አባት መመደቡ ጉድ ሆነብን። ስመኝማ "ደሞዝተኛው ንስሐ አባት" እያለች መሬት እስክትወድቅ ትስቅ ነበር።

መጀመሪያ የደፈረው ዲያቆን ጥበቡ ነው። ጥበቡ ጣራ ገዳም አካባቢ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ኖሮ ኋላ ወደ አስኳላ የዞረ፣ በዕድሜ ከኛ ከፍ ያለ፣ ድምፁ የሚያምር ልጅ ነበር፤ ዜማዬን ጥዬ መጣሁ እያለ ውስጥ ውስጡን ይብሰለሰላል። የገባ ለት እኛ መስኮቱ ሥር ተኮልኩለን አጮልቀን ስናይ፣ ጥበቡ በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ ኩታውን አጣፋ፣ ገባና ተንበርክኮ መሬት ሳመ። መምህር ልሳኑ የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሏቸው እሳቸውም አብረው ጎንበስ አሉ። ሁለቱም ጠረጴዛው ሥር ትንሽ ተያዩና ቀና አሉ። ከዚያ ጥበቡ ሁሉን ተናግሮ ሲያበቃ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ እሳቸውም ሌላ የሚለው ያለ መስሏቸው ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻ በርታ፣ ደግሞ ተመለስ ብለው ሸኙት።

ሲወጣ ከበብነው፤ ምን አዘዙህ አልነው። ምንም አለ። ምንም? ለማያውቅ ሰው ልንገር እንጂ፣ የተናዘዘ ሰው ከነፍስ አባቱ ዘንድ ቀኖና ሳይቀበል አይወጣም፤ ይህን ያህል ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ ይባላል፣ ያንን ሲፈጽም ነገሩ ከላዩ ይወርዳል። ሳይታዘዝለት የወጣ ሰው ነገሩ እንደተንጠለጠለበት ይኖራል። ስለዚህ ብዙ ተባለ። አንዱ የጥበቡ ኃጢአት ከብዷቸው ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ ሰውየው ገና ክህነቱን ስላልጨረሱ ነው አለ። ያም ሆኖ ጥበቡ በሰላም መውጣቱን ያዩ አንዳንዶች መግባት ጀመሩ፤ የነፍስ አባት ዘንድ ደግሞ ባዶ እጅን መሄድ ስለማይሆንላቸው ከየቤታቸው ድንች እየያዙ ነው። መምህር ልሳኑ አይሆንም ቢሉ ማን ሊሰማቸው፤ ከኳሶቹ ጎን የድንች ክምር ይታይ ጀመር። ኋላ መላ ሲጠፋቸው የጥበቃውን ሰው እያስቀቀሉ ለተማሪው መልሰው ያበሉት ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ። ጥር መጨረሻ ላይ ስንቄ አለቀና በጎረቤት ሰው ለእናቴ ቃል ላክሁ። በዚያ ሰሞን በየገበያው ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና እያፈሱ ነው የሚባል ወሬ ነበር፤ እናቴ ወሬው እስኪበርድ ይቆይ ብትል፣ አዳነ "ልጅቱ ጦሟን ልታድር ነው?" ብሎ ቅዳሜ ማለዳ ስልቻውን ተሸክሞ ወረደ። ከገበያው አፋፍ ሲደርስ የአፈሳው መኪኖች መንገዱን ዘጉበት። የሆነውን የነገረችኝ እንስራና ድስት የምትሸጥ የማላውቃት ሴት ናት። ልጆቹን ወደ መኪናው ሲነዷቸው ወንድሜ ስልቻውን እግሯ ሥር አስቀምጦ፣ የኔን ስምና የቤቱን ምልክት ነግሯት፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ አድርሽልኝ ብሏታል። ሴትዮዋ ሸክላዋን ሜዳ ላይ ትታ መጥታ፣ ስልቻውን ደጃችን አኑራ፣ እያለቀሰች ይህን ነግራኝ ሄደች። እየሮጥኩ ስደርስ መኪኖቹ የሉም፤ ገበያተኛው ሽንኩርቱን፣ ጨውን መለካት ጀምሯል።

ስልቻውን ግድግዳው ላይ ካለው ችካል ሰቀልኩት፤ አልፈታሁትም። ከዚያ ስልቻ አንዲት እፍኝ ብቀምስ ወንድሜን የበላሁት ነበር የሚመስለኝ። እኔ ስንቅ ላኩልኝ ባልል አይመጣም፣ ባይመጣ አይወሰድም፤ ይህን ነበር ቀን ከሌት የምቆጥረው። ስመኝ ከራሷ ታካፍለኛለች፤ መጀመሪያ ለይሉኝታ እቀማምስላት ነበር፣ ኋላ እሱንም ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ቤቴ ሄጄ እናቴን አየኋት። አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ ምነው በወጣት። ገብሱ ሳይወቃ አውድማው ላይ ተከምሯል፣ በሬዎቹ ደጅ ቆመዋል፣ እሷ ምሰሶውን ተደግፋ መንገዱን ታያለች። ስመለስ ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ትምህርቱን እተዋለሁ፣ ከእናቴ ጎን እቀመጣለሁ፣ ልጇን ካስወሰድኩባት ወዲያ የኔ መማር ለምን ይሆናታል አልኩ።

ለማን ልንገር? የኔና የእናቴ የነፍስ አባት አንድ ናቸው፤ የመንደራችን ቄስ፣ አዳነን ያጠመቁት፣ በየበዓሉ ቤታችን ገብተው ጠበል የሚረጩት። እሳቸው ፊት ቆሜ ወንድሜን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ ልል እንዴት ይቻለኛል። የቀሩኝ መምህር ልሳኑ ብቻ ነበሩ።

እንደ ጥበቡ አደረግሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከመረቦቹና ከድንቹ መካከል ግንባሬን መሬት አስነካሁ። በዚህ ጊዜ ለምደውታል መሰለኝ አላጎነበሱም፤ ክንዴን ይዘው አነሡኝና ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ አንዲት ቃል ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ፣ የራበው ሰው ስንቅ መጠየቁ ኃጢአት እንዳይደለ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንድሜን የወሰዱት ሌሎች እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ነገሩኝ። ይህን የመጨረሻውን በዚያን ጊዜ ለተማሪ መናገር ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ያኔ ግን አልታየኝም። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ጥፋት የለብሽም ማለት ለኔ ሸክምሽን እንደያዝሽ ሂጂ ማለት ነበር። እንዲያውም ተናደድኩባቸው፤ የዚችስ ከቀኖናም በላይ ነው ብለው ነው የነፈጉኝ እያልኩ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ ዓይኔ ጨልሞ የወደቅሁት። ስነቃ ራሴ ስመኝ ጭን ላይ ነው፤ ጥበቡና መምህር ልሳኑ ከላዬ ቆመዋል። ስመኝ፣ ያቺ ሳቂታ፣ እያለቀሰች እህል መቅመስ ካቆመች ሰነበተች ብላ አጋለጠችኝ። መምህር ልሳኑ ግራ ገባቸው። ጥፋት የለብሽም ብያት ነበር እኮ፣ ደጋግሜ ነው የነገርኳት እያሉ ወደ ጥበቡ ዞሩ። ያን ጊዜ ጥበቡ እየፈራ እየተባ አንድ ነገር አላቸው።

"የኔታ፣ ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ እኛ ከርስዎ ዘንድ አንገታችንን ደፍተን የምንቆመው ቀኖና እየጠበቅን ነው። እርስዎ ስላላዘዙላት እሷው ለራሷ አዘዘች።"

መምህር ልሳኑ እዚያው ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯቸው ሰዎች ይህን አልነገሯቸውም። ደወሉ ተደውሎ ተማሪው ሁሉ ክፍል ሲገባ እሳቸው እንደተቀመጡ ነበሩ።

በማግስቱ አስጠሩኝ። ሹራባቸውን አስተካክለው፣ ክፍል ውስጥ እንኳ አይቼባቸው የማላውቀውን ኮስታራ ፊት አድርገው ጠበቁኝ።

"እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ቀኖና ለመስጠት ሥልጣን የለኝም" አሉኝ። "አስተማሪ ነኝ። የቤት ሥራ ግን እሰጣለሁ፤ የሰጠሁት የቤት ሥራ ደግሞ ሳይሠራ አይቀርም።"

"እሺ፣ የኔታ" አልኩ።

"ወንድምሽ ያመጣልሽን ስንቅ ትበያለሽ። በሶውንም፣ ድርቆሹንም፣ ሽሮውንም። ስትጨርሺ ባዶውን ስልቻ አምጥተሽ ታሳይኛለሽ፤ አርምልሻለሁ።"

ክው አልኩ። ቀኖና ማለት በኛ ዘንድ አትብላ ማለት ነው፤ ብላ የሚል ቀኖና በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጉና ድረስ በእንብርክክሽ ውጪ ቢሉኝ ደስ እያለኝ እወጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ካለው ሁሉ ለኔ የከበደውን መርጠው አዘዙኝ። ስለከበደኝም ነው እውነተኛ መሆኑን ያመንኩት። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ስልቻውን ከችካሉ አወረድኩት። አፉ የታሰረበት ጠፍር የአዳነ አስተሳሰር ነው፤ ሁለቴ ይጠመጥምና ጫፉን ወደ ውስጥ ይወሽቀዋል። ስፈታው የእናቴ በሶ ሽታ፣ ያ የተቆላ ገብስ ሽታ፣ ክፍሏን ሞላት። ስመኝ በጨው ውኃ ጨበጠችልኝና የመጀመሪያዋ ጭብጥ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። አለቀስኩ፤ ስመኝም አለቀሰች። ከዚያ ይህቺ ልጅ አመሏ አይለቃትም፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ የቤት ሥራውን ላግዝሽ እንዴ ብላ አንዷን ጭብጥ ወደ አፏ ላከቻት። ኩረጃ ነው አልኳት፣ አፌ እንደሞላ። ሁለታችንም ሳቅን፤ አዳነ ከተወሰደ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ጠዋት አንድ ጭብጥ፣ ማታ ትንሽ ሽሮ፣ ድርቆሹን በውኃ አርሼ፣ ቀስ እያልኩ ስልቻውን አጎደልኩት። አንዳንድ ቀን ይቀለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምግቡን ፊቴ አድርጌ ሳለቅስ ይቀዘቅዛል። እናቴ ገብሱን ስትቆላ፣ ስትፈጭ፣ አዳነ ጎንበስ ብሎ ሲያስር፣ በዚያ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሁሉም ይታየኛል። እኔ እንድበላው ብለው የደከሙበትን እህል ችካል ላይ ሰቅዬ ማበላሸቴ ለማን እንደሚጠቅም ራሴን መጠየቅ የጀመርኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እየበላሁ እያለ ነው የመጣልኝ። ሁዳዴ ሲገባ ስልቻው ባዶ ሆነ።

በክንዴ ሥር ይዤው ሄድኩ። መምህር ልሳኑ ተቀበሉኝ፣ አፉን ከፈቱ፣ መነጽራቸውን ገፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱ፣ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አራገፉት። ጥቂት የዱቄት ብናኝ ወደቀ፤ ያንን በጣታቸው ነክተው አዩት። ፈተና የሚያርሙ ነበር የሚመስሉት፤ ይህ ቀርቷልና ድገሚ ይሉኝ ይሆን እያልኩ ጣታቸውን እከተላለሁ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የስልቻው ቆዳ ላይ ትልቅ ራይት አደረጉበት። ብዙ ራይት አግኝቻለሁ በዕድሜዬ፤ የማትሪክ ውጤቴን ባየሁ ቀን እንኳ ያን ያህል አልተደሰትኩም። ትምህርትሽስ አሉኝ። እቀጥላለሁ አልኳቸው። የመንደሩ ሰው በደቦ የእናቴን ገብስ ወቅቶላት፣ እርሻውንም ዘመዶቻችን ተካፍለው ይዘውላት ነበርና፣ እኔም በየበዓሉ እየሄድኩ አጠገቧ እየዋልኩ ዓመቱን ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲህ መምህር ልሳኑ ማንንም ባዶውን አልሸኙም። ጥበቡ ከትምህርት በኋላ ከአጥሩ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ዜማውን እንዲያዜም ታዘዘ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ ኋላ ሲቀር ዛሬ ጥበቡ ምን ሆነ ማለት ጀመሩ። ከእንጀራ እናቱ ጋር ተኳርፎ የኖረ አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ እንዲላት ታዞ፣ ሴትዮዋ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ጠበል ልትወስደው ነበር። ጆሮ ጠቢ ያሏቸው የከተማ ልጆች ሳይቀሩ አንድ በአንድ መጡ። ኳሱ ቤት ደጅ ላይ ሰልፍ ይታይ ጀመር።

ሰልፍ ደግሞ በዚያን ዘመን ዓይን ውስጥ ይገባል። ከበላይ የመጡ ሰዎች ተማሪው ምን እንደሚነግራቸው ቢጠይቋቸው፣ እኔ የቤት ሥራ ነው የማርመው ብለው መለሱ ተባለ። እውነት ይሁን ወሬ እንጃ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ስንመለስ መምህር ልሳኑ የሉም፤ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል ከማለት በቀር የነገረን የለም። ካርቶኑ ከበሩ ላይ ተገንጥሎ፣ መረቦቹ ወደ መሐል ተመልሰው፣ ቤቱ እንደድሮው የኳስ ቤት ሆነ። በመስኮቱ አይቼ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ጦርነቱ ወደኛም መጣ፣ አለፈም፤ ደርግ ወደቀ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሁሉ ወደየቀዬው በሚመለስ ወታደር ተሞላ፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ቁራሽ የሚለምን። እናቴ ደጇን አልዘጋችም፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሚበላ ታወጣለች፣ እስኪበላ ፊቱን አተኩራ ታያለች፣ ከዚያ ትገባለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ ምስር ስለቅም አንድ ከሲታ ሰው አጥሩ በር ላይ ቆመ። ቁራሽ የፈለገ መስሎኝ ልነሣ ስል እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ አየችውና መሬት ላይ ተቀመጠች። አዳነ ነበር። ከጎንደር ማዶ ተነሥቶ፣ በይፋግ አድርጎ፣ በእግሩ ነው የመጣው። አንድ ጆሮው አይሰማም፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም።

ለቅሶውና እልልታው በረድ ሲል፣ ጎረቤቱም ገብቶ ሲወጣ፣ እናቴ ወተት ሰጠችው። ያዘው እንጂ አልጠጣውም። ወደኔ ዞረ።

"እናንዬ፣ ያ ስንቅ ደረሰሽ?" አለኝ።

"ደረሰኝ" አልኩ።

"ሴትዮዋን አላውቃትም ነበር። ይዛው ሄዳ ይሆናል፣ ልጅቱ ጦሟን አድራ ይሆናል እያልኩ ነው የኖርኩት። በላሽው?"

በሚሰማው ጆሮው በኩል ተጠጋሁት።

"በላሁት፣ ወንድምዓለም። አንዲት ዱቄት ሳላስቀር።"

ፊቱን በአንድ እጁ ሸፈነ። "እንግዲያ በከንቱ አልወረድኩም" አለ። ከዚያ ወተቱን ጠጣ።

ያ ስልቻ ችካሉ ላይ ነቅዞ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ እመልስለት እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። መምህር ልሳኑን ፈለግኋቸው፤ ሥራ ከያዝኩ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ፣ አስተማሪ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ ወደ ደቡብ ሄዱ ይላል፣ አንዱ ማስተማሩን ትተዋል ይላል፣ አንዱ እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም ይላል። አዳነም ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ደህና ኖሮ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ፤ እናቴ ከሱ ቀድማለች። ያን ከሰዓት በኋላ ካየነው እኔ ብቻ ቀረሁ። መምህር ልሳኑ የቤት ሥራውን ሲሰጡኝ እኔን ለማዳን ነበር፤ እኔም ዳንኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት ይዞት የኖረውን ጭንቀት ያወረዱለት እሳቸው መሆናቸውን ማን ይንገራቸው። ወተቱን ሲጠጣ ባዩት ብዬ እመኛለሁ፤ ሳያዩት ቀሩ።